የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ የተራዘሙ ፊልሞች፦ የትኛው የዲስክ ስብስብ ይሻላችኋል?

ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን፣ ስለ አንድ አደገኛ ቀለበት የሚተርኩትን ፊልሞች፣ በዲስክ ልግዛ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ግራ መጋባት ነው። ፊልሙ 3 ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ግን መዓት ነው። 9 ዲስክ ያለው አለ፣ 12 አለ፣ 15 አለ፣ 30 እና 31 ያለውም አለ። ሁሉም «የተራዘመ» ይላል። ሁሉም ሽፋን ያምራል። ዋጋቸው ግን ጨርሶ አይገናኝም።

ከወዲሁ ልንገራችሁ። እዚህ ከማነጻጽራቸው ውስጥ ሁሉንም ነገር አሟልቶ የያዘ አንድም የለም። ምስሉ የሚያስደምመው ሳጥን ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳዩት ዲስኮች የሉበትም። እነዚያ ዲስኮች ያሉበት ደግሞ ምስሉ አርጅቷል። ስለዚህ የዲስክ ብዛት እያያችሁ አትገበያዩ። መጀመሪያ እናንተ የምታዩት ምኑን እንደሆነ ለዩ።

ሲኒማ የታየው ወይስ የተራዘመው?

ሳጥን ከማማረጣችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። ሲኒማ ቤት የታዩት ፊልሞች የ2001፣ የ2002 እና የ2003 ናቸው። ርዝመታቸው በቅደም ተከተል 178፣ 179 እና 201 ደቂቃ ነው። የተራዘሙት 208፣ 223 እና 250 ደቂቃ ገደማ ይሆናሉ። ሦስቱንም በአንድ ቀን ልጨርስ ያለ ሰው ከ11 ሰዓት በላይ ከሶፋ አይነሳም።

አንዳንድ ሳጥን ጀርባው ላይ 228፣ 235 እና 263 ደቂቃ ይላል። አትደናገጡ፤ ሌላ የበለጠ የረዘመ ስሪት አይደለም። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ የሚያልፈው የስም ዝርዝር ነው። የፊልሙ አፍቃሪዎች ማኅበር አባላት ስም ሳይቀር ተደርድሯል። የመጀመሪያው ፊልም ላይ ይህ ብቻ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ስማቸው ላለበት ሰዎች ደስ ይላል፤ ሌላው ሰው ግን በዚያ ሰዓት ሻይ አፍልቶ ይመለሳል።

የተጨመረው ነገር እንዲሁ ከወለል ላይ የተለቀመ ቁርጥራጭ አይደለም። ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን ትዕይንቶቹን ከፊልሙ ጋር አዋህዶ ነው የመለሳቸው። የሙዚቃው ደራሲ ሃዋርድ ሾር ለተጨመሩት ቦታዎች አዲስ ሙዚቃ ሠርቷል። ስለዚህ ስፌቱ አይታይም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ሲኒማ በታየው ሁለተኛ ፊልም ላይ ፋራሚር ክፉ ሰው ይመስላል። ቀለበቱን የተሸከመውን ፍሮዶን ይይዛል፣ ቀለበቱን ለአባቴ እወስዳለሁ ይላል፤ ለምን እንደሆነ ግን ቁልጭ ብሎ አይገባንም። የተራዘመው ላይ ታሪኩ ለትንሽ ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወንድሙ ቦሮሚር ከተማዋን ከጠላት አስመልሷል፤ ወታደሩ ይጨፍራል። ወንድማማቾቹ መጠጥ ይዘው ይሳሳቃሉ። ከዚያ አባታቸው ዴነቶር ይመጣል። ትልቁን ልጅ እያቀፈ ያሞግሳል፣ ትንሹን በሰው ፊት በነገር ይወጋል። ቀለበቱን እንዲያመጣለት የሚልከውም ቦሮሚርን ነው። ቦሮሚር መሄዱን አይፈልግም፤ ሄዶ ምን እንደደረሰበት ደግሞ ከመጀመሪያው ፊልም እናውቃለን። ከጥቂት ደቂቃ ትዕይንት በኋላ ፋራሚር ሌላ ሰው ይሆንባችኋል። አባቱ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ እንዲለው የሚለፋ ልጅ ነው።

የመጀመሪያው ፊልም ላይ ደግሞ የእመቤት ጋላድሪኤል የስጦታ ትዕይንት አለ። የፍሮዶ ጓደኛ ሳም ገመድ ይደርሰዋል። ጓደኞቹ ጩቤ ሲሰጣቸው አይቷልና፣ ጩቤውስ አልቆ ነው ወይ ብሎ በትህትና ይጠይቃል። ጊምሊ ከእመቤቲቱ የጠጉር ዘለላ አንዲት ብቻ ለምኖ ሦስት ያገኛል። ድንክዬው ተዋጊ ይህን ለሌጎላስ ሲያወራ ፊቱን ማየት ነው። ሲኒማው ላይ ይህ ሁሉ ስለተዘለለ፣ በኋላ ቀለበቱን የሚያሳድደው ጎለም የሚታሰርበት ገመድ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ ነው የምናልፈው።

ሦስተኛው ላይ ግን ስሜቴ የተደባለቀ ነው። የሳሩማን መጨረሻ መመለሱ ግድ ነበር። በክሪስቶፈር ሊ የተጫወተው ይህ ጠንቋይ በሁለት ፊልም ሙሉ ዋና ጠላት ሆኖ ከርሞ ሲኒማው ላይ ድራሹ ጠፍቶ ነበር። የተራዘመው ላይ ግንቡ አናት ላይ ሆኖ ይናገራል፤ እዚያው ያበቃለታል። ጥሩ። የጠላት መልእክተኛ በሩ ላይ ወጥቶ የሚናገርበትና አራጎርን አንገቱን የሚቀላበት ትዕይንት ግን አይዋጥልኝም። መልእክተኛ አይገደልም፤ ያውም ንጉሥ ሊሆን በተዘጋጀ ሰው እጅ። ፊልሙም ያለዚህ በቂ ርዝመት አለው።

እናም ምክሬ እንዲህ ነው። ጨርሶ ያላየ ሰው ሲኒማ በታየው ይጀምር፤ የተሻለ ይፈስሳል። ለወደደው ሰው ደግሞ የተራዘመው ይጠብቀዋል። በተለይ ሁለተኛው ፊልም የተራዘመውን ካያችሁ በኋላ ወደ አጭሩ መመለስ ይከብዳል። ሁለቱንም ስሪት የያዘ ሳጥን ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

የድሮዎቹ ዲቪዲዎች

እነዚህ በኅዳር 2002፣ በኅዳር 2003 እና በታኅሣሥ 2004 እየተከታተሉ ወጡ፤ ወሮቹም ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እያንዳንዱ 4 ዲስክ አለው፤ 2 ለፊልሙ፣ 2 ለአሠራሩ ዘገባ። ማሸጊያቸው የቆዳ ጥራዝ ያለው የድሮ መጽሐፍ ይመስላል። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። እስካሁን ከዚህ የተሻለ ማሸጊያ አላየሁም። የስጦታ እትሞችም ነበሯቸው። የመጀመሪያው ከመጽሐፍ መደገፊያ ሐውልቶች ጋር፣ ሁለተኛው ከጎለም ሐውልት ጋር፣ ሦስተኛው በሚናስ ቲሪት ከተማ ቅርጽ ከተሠራ ሳጥን ጋር ይመጣ ነበር።

የነዚህ ዲቪዲዎች ነፍስ ያለው ግን ተጨማሪ ዲስኮቹ ውስጥ ነው። ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የሚወድ ሰው ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት አያገኝም። ለምሳሌ ሆቢት የሚባሉት የታሪኩ ትንንሽ ሰዎች እንዴት አጭር ሆኑ? ሁሉም በኮምፒዩተር አይደለም። ጠንቋዩ ጋንዳልፍና ፍሮዶ ጋሪ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ የሚመስሉበት ቦታ አለ። ጋሪው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ የፍሮዶ መቀመጫ ከጋንዳልፍ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ነው ያለው። ካሜራው ግን ከአንድ አቅጣጫ ስለሚያይ እኩል የተቀመጡ ይመስላሉ፤ ራቅ ያለው ሰው ትንሽ ሆኖ ይታያል። ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሆኑማ ጉድ ነው። ካሜራው ሲንቀሳቀስ ጠረጴዛውም ተዋናዩም አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ እኛ ግን ምንም አናይም።

ከቀለበት የተሠራው የብረት ልብስም ብዙው ብረት አይደለም። የፕላስቲክ ቱቦ እየተቆረጠ፣ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ በሰው እጅ ተቀጣጥለው የተሠራ ነው። ኦርክ የሚባሉት የክፉ ፍጡራን ጦር ጩኸት ደግሞ ዌሊንግተን ስታዲየም ውስጥ ክሪኬት ሊያይ ከመጣ ሕዝብ የተቀዳ ነው። ጃክሰን ራሱ ሜዳ ገብቶ ሕዝቡን አስጩኋል።

በዚህ ላይ እያንዳንዱ ፊልም 4 የተለያየ የማብራሪያ ድምፅ አለው። ዳይሬክተሩና ጸሐፊዎቹ፣ የንድፍ ሠራተኞቹ፣ የፕሮዳክሽን ሰዎቹ፣ ተዋናዮቹ፤ ሁሉም በየተራ ፊልሙ እየሄደ ያወራሉ። የተዋናዮቹ የሚያስቅ ነው።

ድክመቱ ምስሉ ነው። ዲቪዲ በዛሬ ትልቅ ቲቪ ላይ ይደበዝዛል፤ የጦርነቱ ትዕይንት ላይ ከሩቅ ያለው ሰው ሁሉ ጭቃ ይሆናል። ደግሞ ልብ በሉ፤ በ25 ምስል በሰከንድ የሚሄደው ፓል የተባለው የዲቪዲ ዓይነት ፊልሙን በ4 በመቶ ያፈጥነዋል። ርዝመቱ ከላይ ከጻፍኩት ቢያጥር ዲስኩ ተቆርጦ አይደለም።

በ2006 ሌላ የዲቪዲ እትም ወጥቶ ነበር። ሁለቱንም ስሪት ይዟል፤ ኮስታ ቦትስ ፊልሞቹ ሲቀረጹ ያነሣቸውን ዘጋቢ ፊልሞችም ጨምሯል። እነዚያን ዘገባዎች ግን ቀጥሎ ያለውም ሳጥን ስላካተታቸው ለእሱ ብላችሁ አትድከሙ።

የ2011ዱ ብሉ ሬይ፣ 15 ዲስክ

ብሉ ሬይ ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዝ ዲስክ ነው፤ ይህኛው ሳጥን ለብዙ ሰው ልከኛው ነው። ፊልሞቹ በ6 ብሉ ሬይ ላይ ናቸው፤ እያንዳንዱ ፊልም ለሁለት ተከፍሏል። የቀሩት 9 ዲስኮች ግን ሳጥኑ ብሉ ሬይ ቢልም ዲቪዲ ናቸው። 6ቱ የድሮዎቹ ተጨማሪ ዲስኮች፣ 3ቱ የኮስታ ቦትስ ዘገባዎች ናቸው። ከ26 ሰዓት በላይ የሚታይ ተጨማሪ ነገር አለው። አራቱም ማብራሪያ ድምፆች አልተጣሉም። ሲኒማ የታየው ስሪት ግን የለውም።

ችግሩ የመጀመሪያው ፊልም ቀለም ነው። ሲወጣ ብዙ ያነታረከ ነገር ነው። ምስሉ ላይ ስስ አረንጓዴ ነገር ፈስሶበታል። በረዶው ንጹሕ ነጭ መሆኑ ቀርቶ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ካልነገሯችሁ ላታስተውሉት ትችላላችሁ፤ አሁን ግን ነግሬያችኋለሁ፣ ይቅርታ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ይህ ጣጣ የለም።

የ2020ው 4ኬ፣ 9 ዲስክ

4ኬ ከብሉ ሬይም የጠራ ምስል ነው። ይህ ሳጥን በጃክሰን ክትትል ምስሉና ቀለሙ እንደገና ተሠርቶ የወጣ ነው። 3 ዲስክ ለሲኒማው ስሪት፣ 6 ዲስክ ለተራዘመው። ብርሃንና ቀለምን የሚያጎላው ዶልቢ ቪዥን እና ድምፁን ከዙሪያና ከላይ የሚያመጣው ዶልቢ አትሞስ አለው። ያ አረንጓዴ ነገር ጠፍቷል፤ ሦስቱም ፊልሞች በቀለም ተቀራርበዋል።

ልዩነቱ የሚታየው ጨለማ ውስጥ ነው። ሞሪያ ዋሻ ውስጥ ባልሮግ የተባለው የእሳት ጭራቅ ሲመጣ እሳቱ ዓይን ይወጋል፤ ዙሪያው ያለው ጥቁር ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ዲቪዲው ላይ ያ ጥቁር ግራጫ ነበር። የጋንዳልፍ በትር ሲበራ ብርሃኑ ዓምዶቹ ላይ እስከየት እንደሚደርስ ይለያል።

ነገር ግን ተአምር አትጠብቁ። የኮምፒዩተር ምስሎቹ ያኔ የተሠሩት በ2ኬ፣ ከ4ኬ ባነሰ ጥራት ነው። በ4ኬ ስታዩአቸው ተለጥጠው ነው። ደግሞ አንዳንድ ቦታ የፊልሙ ቅንጣት፣ ምስሉ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች፣ ከመጠን በላይ ስለተጸዳ የሰው ፊት የተላሰ ይመስላል። እኔ ብዙም አይረብሸኝም፤ የፊልም ቅንጣት የሚወዱ ሰዎች ግን እስካሁን አልታረቁትም።

ዋናው ጉድለት ሌላ ነው። የአሠራሩ ዘገባዎች እዚህ ሳጥን ውስጥ የሉም። ፊልም ብቻ ነው የምትገዙት።

ትልልቆቹ ሳጥኖች

በ2016 ባለ 30 ዲስክ ሳጥን ወጣ። የተራዘሙትን 3 ፊልሞችና 3ቱን የሆቢት ፊልሞች አንድ ላይ ይዟል። ቆዳ በሚመስል ነገር የተጠረዙ መጻሕፍት የእንጨት መደርደሪያ ላይ ተደርድረው ነው የሚመጡት። ለዓይን ማራኪ ነው። ውስጡ ግን ብሉ ሬይና ዲቪዲ ነው፤ 4ኬ የለም። ሲወጣ የተጠየቀበት ዋጋ ብዙ አፍቃሪ አስቆጥቷል። በኔ አስተያየት እንጨት ነው የምትገዙት። ሳሎናችሁን ማስጌጥ ከፈለጋችሁ ሌላ ጉዳይ ነው።

በ2021 ደግሞ ባለ 31 ዲስኩ መጣ። 31 ሲባል ሁሉ ነገር ያለበት ይመስላል። እስቲ እንቁጠረው። የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ 4ኬ 9 ዲስክ ነው፣ የሆቢት 4ኬ 6። ይህ 15 ነው። ያንኑ ፊልም በብሉ ሬይ ድገሙት፤ ሌላ 15። አንድ ተጨማሪ ዲስክ ጨምሩ፤ 31 ሞላ። ያቺ አንዷ ዲስክ በ2001 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የቀረበውን ማስተዋወቂያና የተዋናዮቹን መገናኘት የያዘች ናት። ባለ 64 ገጽ መጽሔትና 7 የሥዕል ካርዶችም አሉ። የአሠራሩ ዘገባ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚወደው፣ ግን ተትቷል። «የመጨረሻው» የሚል ስም የተሰጠው ሳጥን ዋናውን ሀብት ትቶ የሥዕል ካርድ መያዙ ያስተዛዝባል።

እንዲህም ሆኖ የሆቢትንም ፊልሞች በ4ኬ ለሚፈልግ፣ አንዱ ክፍል ውስጥ 4ኬ ሌላው ክፍል ውስጥ ብሉ ሬይ ማጫወቻ ላለው ሰው ይሠራል። ሆቢቶቹ ከ2012 እስከ 2014 የወጡ ናቸው። ሲራዘሙ 182፣ 186 እና 164 ደቂቃ ይሆናሉ። ለእኔ መጀመሪያውኑ ረዝመዋል። አንድ ቀጭን የልጆች መጽሐፍ በሦስት ፊልም ተዘርግቶ ሲያበቃ እንደገና ማራዘም ምን ይሉታል? የነሱ ተጨማሪ ዲስኮች ግን ጥሩ ናቸው፤ አንዳንዴ ከፊልሞቹ ይሻላሉ።

ቤታችሁ ያለው ዕቃ ይወስናል

የ4ኬ ዲስክ ተራ ብሉ ሬይ ማጫወቻ አይቀበለውም። የራሱ ማጫወቻ ይፈልጋል። ዲስክ የሚቀበለው ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ያጫውቱታል። ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ ስሙ 4ኬ ቢጠራም የ4ኬ ዲስክ አያነብም፤ በዚህ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ፕሌይስቴሽን 5 ዶልቢ ቪዥንን አያወጣም፤ ኤችዲአር10 የተባለውን ሌላውን የብርሃንና የቀለም ዓይነት ግን ያሳያል፣ እሱም መጥፎ አይደለም።

ቲቪያችሁ ትንሽ ከሆነና ከሩቅ የምታዩ ከሆነ ብሉ ሬይና 4ኬን መለየት ይቸግራችኋል። ትልቅ ሆኖ ጥቁሩን በደንብ የሚያጠቁር ከሆነ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይመጣል። አትሞስም ድምፅ ማጉያ ለሌለው ሰው በወረቀት ላይ የቀረ ነገር ነው።

የክልል ኮድ ሌላ ጣጣ ነው። ዲቪዲ በ6 ክልል ይከፈላል፤ ብሉ ሬይ ኤ፣ ቢ እና ሲ አለው። ከሌላ አገር ያስመጣችሁት ዲስክ ማጫወቻችሁ ላይ እምቢ ሊል ይችላል። የ4ኬ ዲስኮች ይህ ክልከላ የለባቸውም፤ የትም የተገዛ የትም ይሠራል። ባለ 15ቱን ሳጥን ስትገዙ ግን ሁለት ዓይነት ዲስክ ስለሆነ ሁለቱንም ኮድ ማየት አለባችሁ። ብሉ ሬዩ ሠርቶ ዲቪዲዎቹ እምቢ ያሉት ሰው ያጋጥማል።

እኔ ብሆን

አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ፣ ጥሩ ቲቪና ማጫወቻ ካለ፣ ባለ 9 ዲስኩን 4ኬ እወስዳለሁ። ሁለቱም ስሪት አለው፤ ሳጥኑ ቦታ አይፈጅም። ከዚያ የድሮዎቹን ዲቪዲዎች ያገለገለ ፈልጌ ተጨማሪ ዲስኮቹን ለማየት ብቻ አጠገቡ አስቀምጣለሁ። ሁለቱ ተደምረው ከትልልቆቹ ሳጥኖች የበለጠ ነገር ይሰጣሉ። ማሸጊያውም ቢሆን የድሮዎቹ ያምራል።

4ኬ የማያጫውት ሰው ባለ 15ቱን ይያዝ፤ አረንጓዴውን ይቻለው። ለልጆች ወይም እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚያይ ሰው ደግሞ የተራዘመውን ትቶ ሲኒማ የታየውን ብቻ ቢገዛ ማንም አይወቅሰውም።

ያገለገለ ስትገዙ ዲስኮቹን ከሳጥኑ ጋር አስተያዩ። ባለ 15 ሲባል 14 ሆኖ መምጣት የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ከተጨማሪዎቹ አንዱ ነው። የዲጂታል ኮድ አለው ቢሏችሁ እንደሌለው ቁጠሩት፤ ወይ ተጠቅመውበታል፣ ወይ ጊዜው አልፏል። የሽፋኑ ጽሑፍ ደብዛዛ ከሆነ፣ የዲቪዲው ታች ወደ ሐምራዊ ካደላ፣ ወይም ስድስቱም ፊልሞች በ2 ዲስክ ታጭቀው ከመጡ የኮፒ ነው፤ መልሱት። እንደደረሳችሁ ሁሉንም ዲስክ አንድ በአንድ አስገቡ፣ መሐል ላይ ዝለሉ፣ ማለቂያው ላይ ዝለሉ። ሁለተኛው የፊልም ዲስክ መበላሸቱን ከሁለት ሰዓት ፊልም በኋላ፣ የመመለሻው ጊዜም ካለፈ በኋላ ማወቅ ያቃጥላል።